ሃያ ስድስት ሚሊሜትር

በፀፀርሌግ መውጫ፣ ከነዳጅ ማደያው ጎን፣
ሱቃችን ኮንቴይነር ነው፤ በሩን የሚይዘው አንድ ዝገታም ቡሎን።
ጎሚስታዋ ዱልማ ናት፤ እኔ ደግሞ ረዳት፣
ክሪክ የማቀብላት፣ ስትቆጣ ዝም የምላት።

ጥቅምት ገብቷል። ውርጩ ብረት ላይ እጅ ያጣብቃል።
ሽማግሌው ቾይዶግ ፕሪየሱን አቁሞ ጥሩንባ ይነፋል።
መሪው ቀኝ ላይ ነው፣ ጃፓን እንደነበረ፤
ሆዱ ከወንዝ ድንጋይ ተፋፍቆ ተፋቀረ።

«ከፍ ያለ ስጪኝ» አላት፣ «ወፈር፣ ደልደል ያለ፤
እኔ ጎብጫለሁ፤ እሱ እንኳ ቢቀና ምን አለ?»

ዱልማ አትቸኩልም።
ተንበርክካ ጭቃውን በጥፍሯ ፋቀችው፤
የጎማውን ጽሑፍ፣ እንደ መቃብር ድንጋይ፣ ጮክ ብላ አነበበችው፦
መቶ ዘጠና አምስት። ስልሳ አምስት። አሥራ አምስት።
«ፊተኛው ወርዱ ነው፤ መሐለኛው የግድግዳው ከፍታ፣
ከወርዱ በመቶኛ፤ ኋለኛው ቸርኬው ነው፣ የብረቱ ቦታ፤
እሱ ደግሞ በኢንች! እንዲህ ነው ይሄ ዓለም፤
አንድ ጎማ ላይ እንኳ በአንድ ቋንቋ አይነጋገርም።»

ጠመኔ አውጥታ በሩ ላይ ደመረች፣
አጥፍታ እንደገና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አባዛች፣ ቀነሰች።
ያሮጌው ቁመት ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ተኩል፤
የሁለት መቶ አሥራ አምስቱ፣ ስድስት መቶ ስልሳ ተኩል።
«ልዩነቱ ሃያ ስድስት ሚሊሜትር። ግማሹ ከእምብርቱ በላይ ይቀራል፤
የቀረው ግማሽ ነው አንተን የሚያነሣህ» አለችና
ትንሿን ጣቷን ከጓንቷ አወጣች። «የዚህችን ወርድ!»

«ለዚህች ነው?»
«ለዚህች ነው። ቆጣሪህም ከዛሬ ጀምሮ ይዋሻል፤
መቶ ብሎ ሲምልልህ በመቶ አራት ይበርራል።
መቶ ኪሎሜትር ነድተህ፣ ዘጠና ስድስት ይልሃል።
ከሦስት በመቶ ሲያልፍ እኔ አልወድም። ምርጫው ያንተ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ።
ከመሪው ሥር ደብተር አወጣ፣ ጠርዙን ቅባት የበላው።
ሜዳው ታፔላ የለውም፤ መንገዱ ሃያ ፈትል ነው፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፤
ደብተሩ ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ቁጥር፣ በዩምጂር እጅ የተጻፈ፦

አሥራ ዘጠኝ፦ ቀይ አለት። ወደ ግራ።
ሃምሳ ሰባት፦ ጉድጓድ። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ቾይዶግ አይሰማም፣ ይጠጣል።
ሰማንያ ስምንት፦ የእህቴ ቤት። መጀመሪያ ውሻውን ጥራ።

ግራው ወንበር ላይ ሆና፣ ቆጣሪውን አንገቷን ሰግጋ እያየች ትጽፍ ነበር፤
በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ቀበቶው ግን አልተፈታም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሊሳሳት ነው?» አለ።
ዱልማ ጠመኔዋን አገላብጣ አየች።
እኔ ሞኝ ነኝ፤ ሳልጠየቅ አፌ ቀደመ፦
«ከጎኑ በእርሳስ እንጽፋለና። የሳቸውን ሳንነካ።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ፦ «ግጠሙት።»

አራቱንም ገጠምን። መሪውን እስከ ዳር ጠምዝዤ
ፓራፋንጎውን በባትሪ አየሁ፤
ለጥቂት ነው፣ ለወረቀት፤ ግን አይነካም።

ለሙከራ ወጣን። ቀበቶውን እሱ ራሱ ፈታልኝ፤
ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።
አሥራ ስምንት ከሩብ ላይ ቀዩ አለት መጣ፤
ሃምሳ አራት ከሦስት ሩብ ላይ ጉድጓዱ፤ ከቦታው አልወጣ።
ወርዶ ጠጣ።
«ጨው ጨው ይላል» አለ፣ ወደ ግራው ወንበር ዞሮ፤
እኔን ሲያይ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

ስንመለስ፣ ወንዙ መሐል፣ ሆዱ ድንጋይ ነካ፤
እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀለል ብሎ፣ በትንሽ ጣት እንደተለካ።
ቾይዶግ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።
«ይችንም ጻፍ» አለኝ።
እርሳሱን አነሣሁ። ቆጣሪው ላይ ውርጭ ነበረ።